አቤት ያለችው ተማሪ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ሞያሌ ደግሞ ወሬ አያልቅባትም፣ እዚህ ሰፈር ጅብ ሰው ሆኖ ታየ፣ እዚያ መንገድ ላይ ሹፌሩ የጫናት ሴት መኪናው ሳይቆም ከጋቢና ጠፋች ይሉሃል፣ እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እሰማና "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጫት አብዝቷል" ብዬ አልፈዋለሁ። ብዙ አልተማርኩም፣ ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ መቀስና ሜትር ነው፣ ስለዚህ ባላሳምረው አትታዘበኝ፣ የምጽፈው ግን እንደሆነው ነው። ደግሞ የሆነው በሌሊት አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው፣ ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብዬ እገላገለው ነበር።

አስፋልቱ ሞያሌ ከደረሰ ወዲህ ነው። ባለቤቴ አስካለ እግሯ ማበጥ ጀመረ፣ በአውራ ጣት ስትጫነው እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ይቀራል፣ ቀጥሎ መተኛት አቃታት፣ ጋደም ስትል ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ቁጭ ብላ ማደር ሆነ። በቦዳቦዳ ልውሰድሽ ብላት "በስተርጅና ሞተር ላይ አንፈራጠህ አገር ልታስቅብኝ ነው?" ብላ እምቢ አለች፣ የጎረቤት መኪና ለምነን ኬንያ በኩል ወዳለው ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ አያትና በስዋሂሊ "ሞዮ" አለ፣ ልብ ማለቱ ነው፣ ልቧ ሰፍቷል፣ ደም መግፋት ደክሞታል አለኝ። ስተረጉምላት ጊዜ "ልብሽ ሰፍቷል አሉ" አልኳት።

"ልበ ሰፊ ባልሆን ኖሮ ከአንተ ጋር ይህን ሁሉ ዘመን በምኔ እኖር ነበር!" አለችኝ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። እንዲህ ናት።

ለእኔ ለብቻዬ ግን ሐኪሙ ሌላ ነገር ነገረኝ። እብጠቱ በመድኃኒቱ ከወረደ ቤቷ ትገባለች፣ ካልወረደ ወደ ናይሮቢ መላክ አለባት፣ ለዚያ መንገድ ግን አቅም ያላት አይመስለኝም አለኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። ከሱቄ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለቃቅሜ ወፍራም ትራስ ሰፋሁላት፣ እሱን ተደግፋ፣ ጭንቅላቷን እኔ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ቀኑን ትውላለች።

በዚያ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረች፣ ቃባሌ ትባላለች፣ እዚሁ አጠገብ ካለው ከኦዳ መንደር ናት፣ ቦረና፣ ነርስነት የምትማረው ወደ ታች አገር፣ ናይሮቢ በኩል ነው፣ ለልምምድ ነው የመጣችው። አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም፣ "አባባ፣ አንተ በልተሃል?" ትለኛለች።

አስካለ "ለትልቅ ሰው 'በልተዋል ወይ' ነው የሚባለው" ብላ ስታርማት፣ ልጅቷ ዘወር ዘወር ብላ አየችና "ስንት ሰው ነው እሱ?" አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ትምህርት ቤቷ የሰጣት ሥራ ነበር፣ የልብ በሽተኛ ጥሩ አያያዝ ማለት ምን እንደሆነ ራሷ መርምራ እንድትጽፍ። እመነኝ፣ ከመጽሐፍ መገልበጥ ትችል ነበር፣ እሷ ግን አልጋ አልጋውን እየዞረች ትጠይቃለች። የልብ ማዳመጫው ብረቱ ይቀዘቅዛል ብላ መጀመሪያ መዳፏ ውስጥ ታሞቀዋለች፣ ከዚያ ነው ደረት ላይ የምታሳርፈው። አንድ ቀን ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ለአስካለ ሰጥታ የራሷን የአስካለን ልብ አሰማቻት፣ አስካለ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና "አይ፣ ይሄማ ዳገት ላይ የቀረ ሎሪ ነው" አለች።

"እማማ፣ በሽተኛ ምን ሲደረግለት ነው ጥሩ ተያዝኩ የሚለው?" ብላ ጠየቀቻት።

"አቤት ሲባል" አለች አስካለ።

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በማን ላይ ነው? ሲስተሯ ናት? ምን አደረገችሽ?" አለች። ለካ እሷ "አቤት ማለት" የምታውቀው ከኬላ ነው፣ ዕቃ የተያዘበት ነጋዴ አቤት ልበል እያለ ከመኮንን መኮንን ሲንከራተት ነው የሰማችው፣ ክስ መስሏታል። አስካለ እስክትታፈን ሳቀች፣ ትከሻዋን ደግፌ አስተነፈስኳት።

"ክስ አይደለም ልጄ" አለቻት ሲመለስላት፣ "እኔ ስምሽን ስጠራ አንቺ 'አቤት' ትያለሽ። መምጣቱ ይዘግይ፣ ግድ የለም። ሰው መኖሩን ካወቅኩ ትንፋሼ ራሱ ይረጋጋል።"

"የሞምባሳ ሴቶችም ሲጠሩ 'አቤ' ይላሉ!" አለች ቃባሌ ደስ ብሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መድኃኒት ስታድልም ሆነ አንሶላ ስትሸከም፣ ከኮሪደሩም ከግቢውም፣ የጠራት ሁሉ ወዲያው "አቤት!" ይሰማል። አማርኛ ለማይሰማውም እንዲሁ። ግድግዳው ጥግ አልጋ ላይ የተኙ የጎዶማ ሽማግሌ ነበሩ፣ አባ ጉዮ፣ እሳቸውም ልባቸውን ነው፣ ለመጥራት ትንፋሽ ስላነሳቸው በቆርቆሮ ኩባያ የአልጋውን ብረት ቀጭ ቀጭ ያደርጋሉ፣ ለኩባያውም "አቤት!" ትላለች። ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ውስጥ ኩባያው እንኳ አማርኛ ለመደ እያልን እንቀልድ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልጅ ሆነን የምትነግረን ነበር፣ የማታየው ሰው ስምህን ከጠራህ በመጀመሪያው አቤት እንዳትል፣ ሦስት ጊዜ እስኪጠራህ ጠብቅ፣ ሰው ያልሆነ ሦስት ጊዜ አይጠራም፣ ቀድመህ አቤት ካልከው ግን ይዞህ ይሄዳል። እንደ ጨዋታ አድርጌ ለቃባሌ ነገርኳት።

በጣም አሰበችበት። "አባባ፣ የልብ በሽተኛ ሦስት ጊዜ ለመጥራት ትንፋሽ ከየት ያመጣል?" አለችኝ።

አባ ጉዮ አንድ ማለዳ አረፉ። ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ ጎዶማ ወሰዷቸው፣ ፍራሹ ታጥቦ እንዲደርቅ ግድግዳው ላይ ቆሞ ተደገፈ፣ አልጋው ብረቱ ብቻ ቀረ። አስካለ ያን ቀን አልቀለደችም። እብጠቱ ጉልበቷን አልፎ ነበር፣ ከንፈሯም ጠቆር ብሏል፣ ሐኪሙ ሊያያት መጥቶ ሲወጣ ዓይኔን አላየኝም፣ እኔም ገባኝ።

ቀትር ሆነ። ታውቃለህ ሞያሌ ቀትር ላይ እንዴት እንደምትሆን፣ ቦዳቦዳው ጥላ ፍለጋ ይበተናል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ነፋሱ ቀዩን አፈር አንስቶ መስኮት ላይ ይበትናል። መብራት ስለጠፋ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ቆሟል። ሌሎቹ በሽተኞች እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አስካለ ትከሻዬ ላይ ናት፣ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ነው፣ ከባዶው አልጋ። የመጋረጃው ቀለበት ነው አልኩ፣ ነፋስ ነው። ቀና ብዬ ሳይ መጋረጃው አይንቀሳቀስም።

ከኮሪደሩ "አቤት!" አለች ቃባሌ። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "አባባ፣ ማነው የመታ?"

"መስኮቱ ነው ልጄ" አልኳት። የቆመውን ፍራሽ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ተመለሰች።

ትንሽ ቆይቶ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ረጅም፣ ሰው ለመናገር አየር ሲሰበስብ እንደሚያደርገው። የአስካለ አይደለም፣ የእሷ እጄ ላይ ነው፣ አጭር ነው። ይሄኛው ከፍራሹ በስተጀርባ ነው፣ ከግድግዳው ጋር አንድ ጣት እንኳ በማያስገባው ቦታ። ልነሳ አልኩ፣ እሷን ትቼ እንዴት ልነሳ? መሰብሰቡ ቀጠለ፣ አየር ሲስብ፣ ሲስብ፣ መቼም አያወጣም። የራሴ ደረት አብሮ ሲወጠር ተሰማኝ፣ ምን ልበልህ።

ከዚያ ጠራ።

"አስካለ" አለ።

ወዳጄ፣ ድምፁ የእኔ ነበር። የእኔን የሚመስል አላልኩህም፣ የእኔ ነው። ሱቅ ሆኜ ወደ ጓዳ ስጠራት "ካ"ውን የምስበው አሳሳብ፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮዬን የሚይዘኝ ነገር፣ ሁሉ አለ። እኔ ደግሞ አፌ ዝግ ነበር፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር፣ ያመኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

አስካለ ዓይኗን ገለጠች። ወደ እኔ አልነበረም የምታየው፣ ወደ ግድግዳው ነው፣ ፊቷ እንደ ሙሽራ ፈካ አለ። ከንፈሯ ሲላቀቅ አየሁት። አቤት ልትል ነው።

እጄን አፏ ላይ ጫንኩት።

አስበው እስቲ፣ ትንፋሽ የሌላት ሴት፣ አየር እየለመነች የዋለች ሴት። እጄን ይዛ ታገለች፣ አቅም የላትም፣ ዓይኗ ተመልሶ እኔ ላይ አረፈ፣ ዓይኗ ያለኝን ዛሬም አልጽፈውም። ብለቃት አቤት ትላለች፣ ባልለቃት በእጄ ትሞታለች። ሁለቱም በዚያች ቅጽበት ታወቀኝ።

"አቤት!"

ከበሩ ነው። ቃባሌ ነበረች፣ እየሮጠች መጥታ። ነፋሱ ቆመ፣ ቀጭ ቀጩም ቆመ፣ ያ አየር የሚሰበስበው ነገር ረጅም ትንፋሽ አወጣ፣ ፍራሹ በዝግታ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ጧ ብሎ ወደቀ። በስተጀርባው ግድግዳ ብቻ ነበር።

ልጅቷ እጄን አነሳችው፣ አልተቆጣችኝም። አስካለን ቀና አድርጋ ኦክስጂን ጠመደችላት፣ እጇን ይዛ "ቀስ፣ ቀስ እማማ፣ እዚሁ ነኝ" እያለች አብራት ተነፈሰች። ሲረጋጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ፖሌ፣ አይዞህ አባባ። ለምን አፏን ያዝክ?"

"ተጠርታ ነበር" አልኳት። "አቤት እንዳትል ብዬ ነው።"

ግንባሯን ቋጠረች። "እሷን አይደለም" አለች። "አንተ እኔን ነው የጠራኸው። 'ቃባሌ' አልክ። ድምፅህን አውቀዋለሁ።"

ምን እላታለሁ? እናቴ የነገረችንን እኔው ነግሬያታለሁ፣ እሷም አልረሳችውም፣ ፊቷ ላይ አየሁት፣ አውቃው ነው የጠየቀችኝ። "አባባ፣ አንተ ነህ አይደለም?" አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ።

"እኔ ነኝ ልጄ" አልኳት።

ደስ አላት፣ ወይም ደስ ያላት አስመሰለች።

በማግስቱ የአስካለ እብጠት መውረድ ጀመረ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠራ አለ፣ እውነቱን ነው፣ እኔ መድኃኒቱን አልክድም፣ ጨውም ተከለከለች፣ ውኃም ተለክቶ ተሰጣት። ሳይውል ሳያድር በራሷ እግር እስከ ግቢው በር ደረሰች፣ ቤታችን ገባን። ቃባሌ ልምምዷን ጨርሳ ስትሄድ ልትሰናበተን ሱቅ መጣች፣ ለጥያቄዋ ያገኘችውን ሁሉ ጽፋ አስረክባለች። "የዚያን ቀኑን ግን አልጻፍኩም፣ እንዴት ብዬ እጽፋለሁ?" አለችኝ። ተይው አልኳት። የሰፋሁላትን ነጭ ጋውን ሰጠኋት፣ ትከሻው ሰፋ ብሎባት ሳቅን። አሁን ተመርቃ ወደ ታች አገር ትሠራለች፣ ደህና ናት፣ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ሳትደውል ስትቆይ ሥራ አልገባህ ይለኛል፣ አንድን ስፌት ፈትቼ እሰፋለሁ፣ ደግሞ እፈታለሁ።

አስካለን ያን ቀን ምን እንደሰማች አልጠየቅኳትም። እሷም አፏን ለምን እንደያዝኩ አልጠየቀችኝም። ከሱቅ ሆኜ ስጠራት እንደ ድሮው "አቤት" አትልም፣ ስለዚህ መጥራቱን ተውኩት፣ ስፈልጋት ተነስቼ ሄጄ ትከሻዋን እነካታለሁ።

አንዳንድ ቀን ግን፣ ቀትር ላይ፣ አንገቴን ደፍቼ በዝምታ እየሰፋሁ ሳለ፣ እንደ ተጠራ ሰው ከጓዳ ትወጣለች። አጠገቤ መጥታ ትቆማለች። አንዲት ቃል አትናገርም። ዝቅ ብላ አፌን ታያለች፣ ዝግ መሆኑን ታያለች፣ ቀስ ብላ ወደ ጓዳዋ ትመለሳለች።