በሕይወት አለ የተባለው ሹፌር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

እኔ ግን ያየሁትን በጠራራ ፀሐይ ነው ያየሁት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ጠባብ ሳሎን ውስጥ። ሕልም ነው እንዳትሉኝ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ነበር።

ደግሞ ፈርቼ ብቻ አይደለም የምጽፈው። ተናድጄ ነው። እስከዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም...

የምሠራው አንድ ትንሽ ኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ ነበር። ትንሽ፣ ግን እያደገ ያለ። ስገባ አንድ ክፍል ነበርን። ከዚያ የጎን ክፍሉን ያዝን። ከዚያ ዕቃ ቤቱን አጽድተው ጠረጴዛ አስገቡበትና "አዲሱ የካሳ ክፍል" አሉት። መስኮት የለውም። እኔ ነኝ እዚያ የተቀመጥኩት።

ሥራዬ ጉዳት መመርመር ነው። መኪና ተጋጨ ሲባል ሄጄ የማይ፣ ቤት ተቃጠለ ሲባል አመዱን የምረግጥ እኔ ነኝ። ስልክ የሚያነሳ ሲጠፋም እኔ። ማተሚያው ወረቀት ሲይዝም እኔ።

ሥራ አስኪያጃችንን በሌለበት "እድገት" ነው የምንለው። አፉን ከከፈተ ይህን ቃል ሳይጠራ አይዘጋማ! ገንዘብ ያዥዋ፣ አጠገቤ የምትሠራው ቀልደኛ፣ "ኩባንያው ባደገ ቁጥር እኛ እያጠርን ነው" ትል ነበር።

"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ይላል እድገት።

ቤተሰብ!

ደንበኛ ውል ሊገባ ሲመጣ በሩ ድረስ ወጥቶ ይቀበለዋል። ያው ደንበኛ ካሳ ሊጠይቅ ሲመጣ "የለም በሉት" ይላል። እዚያው የቢሮው መስታወት ጀርባ ቁጭ ብሎ እየታየ!

የሹፌሩ ሚስት የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሕይወት ኢንሹራንስ ገብቶ፣ ክፍያውን አንድም ጊዜ ሳያዛንፍ የኖረ ሰው። በክረምት ድልድይ ሲሻገር ጎርፍ መኪናውን ጠርጎ ወሰደው። መኪናው ወጣ። እሱ አልወጣም። ከመሪው ሥር የቀኝ እግር ጫማው ብቻ ተገኘ።

ድልድዩ ላይ ሆነው ሲወሰድ ያዩት ሰዎች መሰከሩ። ፍርድ ቤትም ሞቷል ብሎ ወሰነ።

እድገት ግን፣ "ሬሳ ከሌለ ሞት የለም" አለ።

ከዚያ በፊርማው ደብዳቤ ላከላት። "ደንበኛችን በሕይወት እንደሚገኙ ኩባንያችን ያምናል" የሚል።

ስሰማ ደሜ ፈላ። "ልጆች አባታቸውን አልቅሰው ጨርሰዋል እኮ! እርስዎ በምን አምነው ነው አለ የሚሉት?" አልኩት።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ" አለኝ እየሳቀ። "እድገት የሚመጣው ሲጨክኑ ነው።"

ደብዳቤው ከደረሳት በኋላ ሴትየዋ ቀረች። በየቀኑ መጥታ ትቀመጥ የነበረች ሴት ድምጿ ጠፋ። እድገት ይሄንንም በክፉ ተረጎመው።

"አየሽ? ባሏ ቤት ተደብቋል። ሂጂና አይተሽ ነይ።"

እንቢ ልል ነበር። ግን እሷን አግኝቼ፣ ጠበቃ ያዢና ክሰሺን ልላት ፈለግኩ። ሄድኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። አስፋልቱ በሙቀት ይቀልጣል።

በሩን ትንሽ ከፈተችው። ፊቷ አልቋል።

"እትዬ፣ ከኢንሹራንስ ነኝ..."

"ቀስ በይ!" አለችኝ በሹክሹክታ። "ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።"

"ልጆች ተኝተው ነው?"

"ልጆቹን እህቴ ጋ ወስጃቸዋለሁ።"

"ታዲያ ማን አለ?"

እጄን ይዛ አስገባችኝ። እጇ እሳት ነው። ሳሎኑ ግን... በዚያ ሙቀት፣ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል።

ከጠረጴዛው ወዲያ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ጀርባውን ሰጥቶን። ፊቱን ወደ ግድግዳው።

ፀጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ... ጠብ... ይላል፣ እሰማዋለሁ። ወለሉን አየሁ። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም።

እግሩን አየሁ። ግራው ጫማ አድርጓል።

ቀኙ ባዶ ነው።

የበሩን መቃን ያዝኩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

"ደብዳቤያችሁ የደረሰኝ ቀን። አንብቤ ቀና ስል... ተቀምጧል።"

"ይናገራል?"

"አይናገርም። አይበላም። ስሙን ስጠራው አይዞርም። ሰው የሚመጣው ሲናፈቅ ነው ብዬ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ..." አለችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። "የኔ ባል ይሄ አይደለም። የኔ ባል ሲገባ ቤቱ ይሞቅ ነበር።"

ከዚያ ክንዴን ጨመቀችው።

"ካሳው ይቅርብኝ፣ እህቴ። ምንም አልፈልግም። ብቻ 'ሞቷል' በሉልኝ። እናንተ ናችሁ የጠራችሁት። እናንተው መልሱት።"

ወደ ቢሮ ስመለስ ፍርሃቴ መንገድ ላይ ቀረ። የደረሰው ንዴቱ ብቻ ነበር። ዘው ብዬ ገባሁ። እድገት ስለ አዲሱ ቅርንጫፍ ስብሰባ ላይ ነበር።

"ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ይሰርዙ!" አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት።

እድገት ፊቱ በራ።

"ተቀምጧል?"

"ተቀምጧል። ግን..."

"የተቀመጠ ሰው ሞተ አይባልም!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አንዳንዶቹ ሳቁ። ገንዘብ ያዥዋ አልሳቀችም።

"እርስዎ ልብ የሚባል ነገር አልፈጠረብዎትም?" አልኩት።

"ራሴ ሄጄ ፎቶ አነሳዋለሁ። ምሪኝ።"

መራሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያይ ፈልጌ ነበር። ያችን ክፍል፣ ያን ባዶ እግር በዓይኑ እንዲያይ።

ሴትየዋ ውጭ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አገኘናት። አላናገራትም። ስልኩን እንደ ካሜራ ደግኖ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋው።

"ሰላም፣ ወንድሜ!" ሲል ሰማነው። "እስቲ ዞር በልልኝ።"

ፀጥታ...

የወንበር መንቋቋት ተሰማ። አንድ ሰው ሲነሳ እንደሚሰማው።

"ቆይ... ቆይ... እኔ እኮ..." አለ እድገት።

ከዚያ ምንም።

ሴትየዋ እጄን ያዘች። እኔም ያዝኳት። ልገፋው ስል በሩ ራሱ ተከፈተ።

እድገት ወጣ። ልብሱ አልተዛነፈም። ክራቫቱ ቀጥ ብሏል። ዓይኑን ሳያርገበግብ አለፈንና፣

"ክፈሏት" አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቀስ ብለን ወደ ውስጥ አየን። ወንበሩ ባዶ ነው። ሳሎኑ ሞቋል። ሴትየዋ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለባሏ በደንብ ስታለቅስለት ያየኋት ያኔ ነው። በነጋታው ካሳዋን ተቀበለች። በዚያው ሳምንት ቤቱን ለቅቃ እህቷ ጋ ገባች።

ቢሮ ውስጥ ሁሉም "እድገት ልብ ገዛ" አለ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ሠራሁ።

ግን...

ሻይ ይገባለታል። እንደገባ ይወጣል።

"እድገት" የምትለውን ቃል ተዋት። ማንንም በስሙ አይጠራም። በመስታወቱ ውስጥ ሳየው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ።

ጥበቃው አንድ ጠዋት ጠራ አድርጎኝ፣ "እህቴ፣ ሰውየው መቼ ነው የሚወጣው? ሲወጣ አይቼው አላውቅም" አለኝ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የእድገት ባለቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ባሌን የት አደረሳችሁት? ከአንቺ ጋር ወጣ የተባለ ቀን እንደወጣ ነው። ስልኩን አያነሳም።"

"እዚሁ አለ እኮ፣ እትዬ! ያውና" ብዬ መስታወቱን አሳየኋት።

አየችው። እሱም አያት።

ፈገግ አለላት።

ሴትየዋ ወደ ኋላ ሸሸች። ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ "ይሄን ሰው አላውቀውም" አለችኝ።

"ባለቤትዎ ነው እኮ..."

"መልኩ ነው። ሰውየው አይደለም። ሃያ ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው አጣዋለሁ? የት ነበር የሄዳችሁት? ውሰጂኝ።"

በመኪናዋ ሄድን። የሹፌሩ ቤት ኦና ነው። አዲስ ተከራይ አልገባበትም። እሷ ከመሪው ላይ እጇን ማንሳት አቃታት። ብቻዬን ወረድኩ።

እኩለ ቀን ነው። ሰፈሩ ጭር ብሏል።

መስኮቱ መጋረጃ የለውም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ በእጄ ብርሃኑን ከልዬ አየሁ።

ሳሎኑ መሃል፣ ከዕቃ ሁሉ የቀረው ወንበር ላይ፣ እድገት ተቀምጧል።

ክራቫቱን እንዳሰረ። ጢሙ አድጓል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኑ በሩ ላይ ተተክሏል... ግን አይነሳም። በሩ እኮ ክፍት ነው!

መስታወቱን አንኳኳሁ።

ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እሱን ስጠላው ኖሬ፣ ያኔ ሆዴ ባባ።

በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ።

አነሳሁት።

"የት ነሽ?" አለኝ። የእድገት ድምፅ ነው። ከጀርባው የቢሯችን ጫጫታ፣ የገንዘብ ያዥዋ ሳቅ ይሰማል። "ስብሰባ ልንጀምር ነው። የት እንዳለሽ ንገሪኝ፣ መኪና ልላክልሽ።"

ከመስታወቱ ወዲያ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ዓይኑን ከስልኬ ላይ ሳይነቅል... ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።