ከተሳቢው ኋላ የተንኳኳው

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ብታምኑም ባታምኑም ለእኔ ለውጥ የለውም።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው ማንም ሰው ጀልባውን ወደ ሐይቁ የሚያወርድበት የሲሚንቶ ቁልቁለት።

ጉም ነበር። በስፖኪዮ የሚታየኝ ነጭ ብቻ።

እኔና ታናሽ ወንድሜ አንድ ልማድ አለን። እኔ መኪናውን ወደ ኋላ እነዳለሁ፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ጀልባው የተጫነበትን ተሳቢ ያንኳኳል። አንዴ ከሆነ «ና»። ሁለቴ ከሆነ «ቁም»።

መስኮት አይዘጋም፣ ቀበቶ አይታሰርም። መኪናው ቢንሸራተት መውጫ ነው።

ከላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ ተራ ይጠብቃል። ቁልቁለቱን ይዞ መንቀርፈፍ ነውር ስለሆነ ቶሎ ማርሽ አስገባሁ።

ኳ።

ወረድኩ።

ኳ።

ወረድኩ። የተሳቢው ጎማ ውሃ ውስጥ ገባ።

ኳ...

በመስኮቴ በኩል ወንድሜ ብቅ አለ። የጀልባውን ገመድ በሁለት እጁ ታቅፏል። ጫማው ደረቅ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ጥለኸኝ ልትዋኝ ነው? እኔ እኮ ገና ከላይ መምጣቴ ነው።»

«አላንኳኳህም?»

«በየትኛው እጄ?»

ኳ።

ሁለታችንም ሰማን።

ፍሬኑን ረግጬ ያዝኩ። ወንድሜ የሚቀልድ ሰው አለ ብሎ ወደ ኋላ ሄዶ ሊያይ ተነሳ። ተው አልኩት።

«መጣሁ» አለ።

ጉሙ ዋጠው።

አንገቴን በመስኮቱ አወጣሁ...

ኳ፣ ኳ።

ቁም ማለቱ ነው። እኔ ግን ቆሜ ነበር።

ጠበቅሁ። ዓሣ አጥማጁ ወርዶ መንገድ ዘግተሃል አለኝ። ወንድሜ ጀልባውን እየፈታ ነው አልኩት። ወደ ኋላ ሄዶ ተመለሰ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጀልባው እንደታሰረ ነው። ሰው የለም።»

እዚያ ጋ ውሃው ከወገብ አያልፍም። ጠላቂዎች ሦስት ቀን ፈለጉ። እሱም ገመዱም አልተገኙም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባዶውን ተሳቢ ይዤ እሄዳለሁ። ተራዬን እጠብቃለሁ። ሰዎቹ ለምደውኛል፤ ለምን እንደመጣሁ አይጠይቁኝም። መስኮቴን ከፍቼ ወደ ኋላ እወርዳለሁ። አዳምጣለሁ። እመለሳለሁ።

ዛሬ ተንኳኳ።

ኳ።

ወረድኩ።

ኳ።

ወረድኩ። ተሳቢው ጨርሶ ሰጠመ። ውሃው በበሩ ስር ገብቶ እግሬን ነካው። ቀዝቃዛ መሆኑን አወቅሁ እንጂ ምንም አልተሰማኝም። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አላላሁ...

ኳ፣ ኳ።

ፈጠን ያለ። ልክ እሱ እንደሚያንኳኳው።

ቆምኩ።

መኪናውን ወደ ላይ አውጥቼ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ተሳቢው ውሃ ያንጠባጥባል። ጫፉ ላይ የወንድሜ ገመድ ታስሯል፣ እሱ በሚያስርበት አስተሳሰር።

በእጄ ዳሰስኩት።

ደረቅ ነው።