የሰብለ አስታማሚ

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር የለም፤ ከምሳ በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሲሞላው ቀኑ እዚያው ይመሻል። የውብዳር ይህን ስለምታውቅ ለመስከረም ሠርግ የታዘዘቻቸውን የሚዜ ቀሚሶች ጠዋት ጠዋት ትቆርጣለች፤ ከሰዓት ደግሞ መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለም በሩን ገርበብ አድርጋ በምታገኛት ብርሃን ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ የቆመችው ከእህቷ ከሰብለ ክፍል ጋር በሚያዋስናት ግድግዳ ሥር ነው። ለምን እዚያ እንዳደረገቻት ደንበኞቿ ሲጠይቋት ብርሃኑ ይሻለኛል ትላለች፤ ብርሃኑስ በመስኮቱ በኩል ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። ሰብለ ከልጅነቷ ጀምሮ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት የውብዳር ናት፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ነገር እንቅልፍ ይነሳታል። ያላገባች ልጅ በየወሩ ስትጮህ ጎረቤት ቢሰማ፣ አንዱ አስወረደች፣ ሌላው ዛር አለባት ይላል ብላ ፈራች። ስለዚህ "ትራሱን ንከሺ" አለቻት። "ሁላችንም ያለፍንበት ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል።" ማቃሰቱ በትራስ አልታፈን ሲል ደግሞ መኪናዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች፤ ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ፔዳሉን እየረገጠች፣ የሚሰፋ ጨርቅ ባይኖር እንኳ በባዶዋ ታስጮኻት ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ጨጓራ ነው ተባለ፣ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ፣ ጸበልም ተጠመቀች። በመጨረሻ የሕመሙን ስም የነገራት አዲስ አበባ ያለ አንድ የማህፀን ሐኪም ነው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ አላት። ማህፀን ውስጥ እንደሚገኘው ያለ ሽፋን ከማህፀኗ ውጭ፣ አንጀቷ ላይ ሳይቀር በቅሎ፣ በየወሩ እዚያው እያበጠና እየደማ ውስጧን እርስ በርሱ አጣብቆታል። የሚዋጠው መድኃኒት አላስታግስ ስላላት ኦፕራሲዮን ተወሰነ። ሰብለ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና "እታለም፣ አስታማሚ ይዘሽ ነይ ብለውኛል፤ ትመጫለሽ አይደል?" አለቻት።

ለታካሚ ሾርባ የሚያቀምስ፣ ወደ መጸዳጃ ደግፎ የሚወስድ፣ አልጋ ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ የሚያድር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ይህ ተለምኖ የሚደረግ ነገር አልነበረም። የውብዳር ግን ሐኪሙ ያለውን ከሰማች ወዲህ የእህቷን ዓይን ማየት አቅቷት ነበርና የመስከረም ሠርግ ሥራ አለብኝ አለች። ሰብለ ሻንጣዋን እንደያዘች፣ አዲስ አበባ የምትኖር ጓደኛዋ አስታማሚ ትሁነኝ ብላ ሄደች።

የውብዳር መጀመሪያ የሰማችው በማግስቱ ነው። እየሰፋች ሳለ፣ ከመኪናዋ ድምፅ ሥር፣ ያ የምታውቀው፣ በትራስ የታፈነ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ማቃሰት ተሰማት። እግሯ እንደ ልማዱ ፔዳሉን አጥብቆ ረገጠ። ክፍሉ ባዶ መሆኑ ትዝ ያላት ትንሽ ቆይታ ነው። መኪናዋን አቆመች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውኃው በአሸንዳው ይንፎለፎላል፣ የራሰው ግድግዳ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ሌላ ምንም የለም። "አሁንማ ለየልኝ" ብላ ራሷ ላይ ሳቀችና ሥራዋን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ መኪናዋንም መጠበቅ ተወ። ሽንኩርት ስትከትፍ ይመጣል፤ ልብስ ስታሰጣ ይመጣል። አንድ ቀን አላስችል ብሏት የሰብለን ክፍል ከፍታ ገባች። አልጋው እህቷ እንዳነጠፈችው ነው፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ክፍሉ እንደ ጓዳ ጨልሞ፣ ከነፍታሊን ሽታ ሥር እንደ ዛገ ብረት የሚከረፋ የደም ሽታ ይሰማል። ትራሱን በእጇ ዳሰሰችው። ጥጉ ርሶ ነበር፤ አሁን ከአፍ የወጣ ይመስል ሞቅ ይል ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሰብለ ደወለች። ድምፏ ደክሟል፣ ደስታዋ ግን ያስታውቃል። "ወጣልኝ እኮ እታለም! ቁስሉ ነው እንጂ ያ ሕመም የለም። ክትትሉን እስክጨርስ እዚሁ ጓደኛዬ ጋ እቆያለሁ።" የውብዳር "ይቅር በይኝ" ልትል አፏን ከፈተች፤ በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ማቃሰቱ ተነሳ፣ ቃሉንም ሳትለው ቀረች። "እሰይ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ምን ታድርግ? ያን ሁሉ ዓመት ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ውኃ አፈላች፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላች፣ በፎጣ ጠቅልላ ወደ ክፍሉ ገባችና ብርድ ልብሱ ሥር፣ የሰው ሆድ በሚሆንበት ቦታ አኖረችው። "አይዞሽ" አለች ለባዶው አልጋ፤ ይህን ቃል ለሰብለ ብላት አታውቅም ነበር። ማቃሰቱ ቀስ በቀስ ረገበ። የውብዳር መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከሐኪሙ ቃል ወዲህ ደረቷ ላይ የተጫነው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት።

ከዚያ ወዲያ ምንጣፏን እዚያው አልጋ ሥር ዘረጋች። የሚዜ ቀሚስ ጨርቆቹ ሳይቆረጡ ተከመሩ። ስልኳ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ ዝም ይላል፤ ተነስታ ብታነሳው ያ ነገር ብቻውን ይሆናል ብላ ትሰጋለች። ብርድ ልብሱ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ እያደር ወገብና ጉልበት የሚመስል ነገር ከሥሩ ጉብ ጉብ አለ። ገልጣ አላየችም። ሾርባውን በሳህን ታስቀምጣለች፣ ዞር ብላ ስትመለከት ሳህኑ ባዶ ነው።

ግቢውን የሚጋሯት እትዬ ዘይነባ አንድ ጠዋት ጥቁር ለብሰው በሯ ላይ ቆሙ። "ሰብለ መጣች እንዴ? ስታወሪ እሰማሻለሁ።"

"የለችም እትዬ ዘይነባ። ብቻዬን ነው።"

ፊቷን አዩት። "ከስተሻል የኔ ልጅ። ልጅቱ ድናለች አይደል? አብሽሪ፣ ሂጂና እያት። እኔ ለለቅሶ ኮምቦልቻ መውረዴ ነው፤ የግቢውን በር ከውስጥ ቀርቅሪው።"

ቀረቀረችው። የዚያን ዕለት ጉሙ ቶሎ ወረደ፣ መብራትም ጠፋ። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ነገር ሕመሙ ከወትሮው ሁሉ ብሶበት ነበርና የውብዳር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "የት ላይ ነው? የት ላይ?" እያለች በብርድ ልብሱ ላይ ታሻለች። ያኔ ነው አንድ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ እጇን የያዛት። እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ጥፍር አልነበራቸውም። በጨለማው ተሳስቼ ነው አለች፤ አልለቀቀችውምም።

የግቢው በር ተንኳኳ። በቀስታ ነው የተንኳኳው።

"እታለም... እኔ ነኝ።" ሰብለ ናት። ሲያማት ድምፅ እንዳታሰማ ተደርጋ ያደገች ልጅ፣ አሁንም አልጮኸችም። "ስልክ ስለማታነሺ ጨንቆኝ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ ቁስሉ ተከፈተ መሰለኝ፤ ደሙ አልቆም አለኝ። ክፈቺልኝና ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።"

የውብዳር ብድግ አለች። መሄድ ፈልጋ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድባት። ግን ቀዝቃዛው እጅ ጠበቅ አደረጋት፣ ከብርድ ልብሱ ሥርም፣ እስከዚያች ደቂቃ ማቃሰት እንጂ ቃል ወጥቶት የማያውቀው ነገር በሰብለ ድምፅ ተናገረ።

"አትሂጂ" አላት። "ይቅር ብዬሻለሁ።"

የውብዳር ተመልሳ ተቀመጠች። ዕንባዋ ይወርዳል፤ ስንት ጊዜ የናፈቀችው ቃል ነበር። ከውጭ አንድ ነገር በቆርቆሮው በር ላይ እየተንሸራተተ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማ፤ "እታለም" የሚለው ድምፅም ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያለ ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ። ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ፣ በመዳፏ ውስጥ ያለው እጅ ቀስ እያለ መሞቅ ጀመረ።