ጸሐፊ አይናገርም

የእድሩ ጸሐፊ ይሻው ቃለ ጉባኤውን በንጹሕ ሊገለብጥ አመሻሹ ላይ ወደ እድሩ ቤት እንደ ሄደ አልተመለሰም። ጠዋት እዚያው ደጃፍ ላይ፣ ጭንቅላቱ ከድንጋዩ ደረጃ ተላትሞ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር ሠናይት ስትደርስ ዝናቡ ደሙን አጥቦታል። ከዋንዛዬ ፍል ውኃ ሌላ ሬሳ አንስታ መመለሷ ነበርና ጉልበቷ ዝሏል፤ የደብረ ታቦር ብርድ ደግሞ ለደከመ ሰው አይራራም።

የሟቹ ስልክ ኪሱ ውስጥ አለ። የጠፋው የስብሰባ ማስታወሻው ነው፤ እሱም ከተቆለፈው ቤት ውስጥ አመድ ሆኖ ተገኘ። የይሻው ቁልፍ ከአንገቱ አልወጣም። ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሊቀ መንበሩ ጋሽ ደምሴ፣ ገንዘብ ያዡ አደምና የድንኳን ኃላፊው ሙሉቀን ብቻ ናቸው።

«ማስታወሻው ምን ነበረበት?» ስትል ጋሽ ደምሴን ጠየቀች።

«የእሑዱ ስብሰባ ነዋ፣ ልጄ። ሙሉቀን የእድሩን ድንኳን ለሠርግ አውሶ ለቀስተኛው በዝናብ ተደበደበ። ይባረር አይባረር ብለን መከርን። እናቱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ከተባረረ ማን ይቀብርለታል? በደንባችን ጉዳዩ የሚነካው ሰው ይወጣል፤ እሱም ደጅ ቆየ።»

«ውሳኔውስ?»

«ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ አልን። ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረው ይኸው ነው። ማን ምን አለ የሚለው በይሻው ማስታወሻ ቀረ፤ ያንን ደግሞ ለነፍስ አባቱም አያሳይ።»

አደም ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እያጠፈ ነበር፤ ከይሻው ጋር የነበረውን ጠብ አልደበቀም።

«ይባረር ያልሁት እኔ ነኝ። ቃሌ ይጻፍልኝ ስለው ‹ቃለ ጉባኤ ውሳኔ ይይዛል እንጂ የሰው አፍ አይለቅምም› አለኝ። ማስታወሻህን ልየው ስለውም እምቢ አለ። ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

እየተቆጣ የሚናገር ሰው ብዙም አይደብቅም ስትል ሠናይት አሰበች። እንዲህ ስትል ግን ስንት ጊዜ ተሞኝታለች!

በቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤት ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሙሉቀን ገባና የጋሽ ደምሴን ጉልበት ስሞ አለቀሰ።

«‹እናት በልጇ ጥፋት ቀባሪ አታጣም› ብለው የተናገሩልኝን እግዜር ይክፈልዎ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩት። ሠናይት ቆይታ ለብቻቸው አገኘቻቸው።

«እንዲህ ብለው ነበር?»

«ኧረ እኔ አላልሁም! ያለው ይሻው ነው። ሁላችንንም ያስለቀሰን፣ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲተላለፍ ያደረገው እሱ ነው።»

«ታዲያ የእርስዎ ስም ከየት መጣ?»

ጋሽ ደምሴ በሐዘን ፈገግ አሉ። «ይሻው ልማድ ነበረው፤ ራሱ አጫውቶኛል። ‹ጸሐፊ አይናገርም› ይልና የራሱን ቃል በማስታወሻው ላይ በእኔ ስም ይጽፈዋል። ስንቱን ያላልሁትን ብያለሁ መሰለሽ!»

ሠናይት ሦስቱንም እድሩ ቤት ሰበሰበቻቸው። ድካሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጎታል።

«ጋሽ ደምሴና አደም ስብሰባው ውስጥ ስለነበሩ ማን ምን እንዳለ በጆሯቸው ሰምተዋል። ያልሰማኸው አንተ ነህ፣ ሙሉቀን። ጋሽ ደምሴ እንደተናገሩልህ ማን ነገረህ?»

«ከ… ከተሰብሳቢው አንዱ።»

«ከተሰብሳቢው አንዱ ቢነግርህ ኖሮ ትክክለኛውን ሰው ይነግርህ ነበር። ያንን ቃል በጋሽ ደምሴ ስም የያዘው ማስታወሻው ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ይሻው በቁሙ ለማንም አልሰጠም። አንብበህ፣ ማንበብህ እንዳይታወቅ አቃጠልኸው፤ በራስህ ቁልፍም ዘግተህ ሄድህ።»

ሙሉቀን መካድ አቃተው።

«ልገድለው አልነበረም። ማን ይባረር እንዳለ ላውቅ ፈልጌ አሳየኝ አልሁት። እምቢ ሲለኝ ገፋሁት፤ ወደቀ። ከዚያ ሳነበው… የቆመልኝ ሰው መኖሩን አየሁ።» ቀና አለ። «ጋሽ ደምሴ ካልሆኑ ማን ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሻው ነው፣ ልጄ።»

ሙሉቀን መሬት ላይ ተቀመጠ። ሠናይት ካቴናውን ይዛ ቆመች፤ አዘነችለት፤ በማዘኗም ተናደደች።

«እናቴን እንግዲህ ማን ይቀብራል?»

«እኛ እንቀብራቸዋለን» አለ አደም። «ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ። ሐሳቡን ያቀረበው ይሻው ነው ተብሎ ይጻፍ።»