ከመቀመጫ ትራስ የወጣው ድሪቶ

ልብስ ሰፊዋ ስትተኩስ ከካውያው ሥር የምታነጥፈው ጨርቅ በየጠዋቱ ይጠፋባታል። ፈልጋ የምታገኘው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፤ የእህቷ ልጅ አልጋ ውስጥ፣ ከጉንጯ ሥር ተጨብጦ።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ታማ ካረፈች ወዲህ የምታድገው እዚሁ አክስቷ ዘንድ ነው። በሐዘኑ ሰሞን የቤተሰቡ ታላቅ እህት፣ «ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ብላ የሟቿን ልብስ ከነሻንጣው ለሰው ሰጠች፣ ፎቶዋን ከግድግዳ አወረደች፣ ስሟም በልጅቷ ፊት እንዳይነሳ አዘዘች። ክፋት አልነበረባትም። ስንቶቻችን ነን ልጅን ከሐዘን እናድናለን እያልን እናቱን ሁለተኛ የምንቀብርበት? ልብስ ሰፊዋም ታናሽ ናትና፣ «እሺ፣ እትዬ» ብላ ተቀበለች። እህቷ እሷንም ትናፍቃታለች፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች።

ለልጅቷ ያልተደረገላት የለም። ከሱቅ ወፍራም ባለ አበባ ብርድ ልብስ ተገዝቶላታል። ብርድ ልብሱ ሲነጋ ወለል ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ያ በካውያ የተለበለበ ጨርቅ ግን ከእጇ አይወጣም።

አንድ ጠዋት የልብስ ሰፊዋ ትዕግሥት አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ የሥራ ዕቃ ነው እኮ። ያን የመሰለ ብርድ ልብስ እያለሽ በዚህ ቡትቶ ምን አየሽበት?»

«የእማዬ ቀሚስ ነው» አለች ልጅቷ ጨርቁን ሳትለቅ። «መንገድ ስንሻገር እሱን ነበር የምይዘው።»

አክስቷ ጎንበስ ብላ አየችው። ከተቃጠለው ሥር ሰማያዊ መስመር አለ። ቀሚሱን የሰፋችው እሷው ራሷ ናት፤ ይህ ከጫፉ የተረፈው ነው። ስንት ጊዜ ተኩሳበታለች፤ አንድም ቀን አላየችውም።

«ስለ እማዬ ማውራት አይቻልም ብላኛለች ትልቋ አክስቴ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እኔ ግን ፊቷ እየጠፋብኝ ነው።»

አንጀቷን በላቻት። ምን ትስጣት? ከሻንጣው አንድ ክር እንኳ አልቀረም። ወደ መኪናዋ ሄዳ ልትቀመጥ ስትል ግን ቆም አለች። የእህቷን ልብስ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ነበረች፤ ብጣሽ መጣል አትወድምና የተረፈውን በሙሉ የምትጠቀጥቀው እዚህች መቀመጫዋ ላይ ባለችው ትራስ ውስጥ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እሷ ጭራሽ ተቀምጣበት ኖራለች።

የትራሱን ስፌት በመቀስ ተረተረችው።

ብጣሾቹን አጥበው አሰጧቸው። ልጅቷ በመዳፍ ልክ የተቆረጠ ካርቶን ጨርቁ ላይ እያሳረፈች በጠመኔ ታሰምራለች፣ አክስቷ በመቀስ ትከተላለች። ቁራጮቹን በረድፍ በረድፍ ገጣጠሙ። አሮጌ አንሶላ ገበር ሆነ፤ ከመሐል ያ የሱቁ ብርድ ልብስ ሊገባ ተዘጋጀ። ለዚህ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ መርፌና ክር ያለው ሁሉ ይችለዋል።

ታላቅ እህት የመጣችው ይህን ጊዜ ነው።

«በልብስ ሰፊ ቤት ድሪቶ? ሰው ምን ይለናል? ደግሞስ የልጅቷን ቁስል ለምን ትነካኪባታለሽ?»

«ቁስሉ መች ዳነና ነው፣ እትዬ? ሸፈንነው እንጂ። የእናቷን ፊት እየረሳች ነው።»

ታላቅ እህት ለመመለስ አፏን ከፈተችና ዓይኗ አንዲት ቀይ ቁራጭ ላይ ቀረ።

«ይቺ… ስትመረቅ የለበሰቻት አይደለችም?»

«ምን ሆነች ስትመረቅ?» አለች ልጅቷ።

ታላቅ እህት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ዝናብ መታት። ቀለሙ ለቀቀና ከእኔ የተዋሰችውን ነጭ ጫማ ቀይ አደረገችው። ‘አሁን የተሻለ ሆነ’ ትለኛለች፣ አፍ አውጥታ።»

ልጅቷ ሳቀች። ታላቅ እህት ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ በለቅሶው ሰሞን እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። በማግስቱ ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣችና በገዛ እጇ መልሳ ሰቀለችው። ልጅን ከሐዘን የምንጠብቀው የእናቱን ስም በመቀማት አይደለም። ስሟ ይጠራለት፤ ማልቀስም ካለበት ከእኛው ጋር ያልቅስ።

ድሪቶው አለቀ። በካውያ የተለበለበው ጨርቅ መሐሉ ላይ ገባ። ልብስ ሰፊዋ አሁን የምትቀመጠው በደረቅ ወንበር ነው፤ ወገቧን ያማታል፣ አታማርርም። ማታ ማታ ልጅቷ አንዱን ቁራጭ ትነካና፣ «ይሄንንስ መቼ ለበሰችው?» ትላለች።

አንድ ቀን የነካችው ነጠብጣብ ያለበት ቢጫ ነበር። ልትጠይቃቸው መጥታ የነበረችው ታላቅ እህት አላወቀችውም። ልብስ ሰፊዋ ግን እንዴት አድርጋ ወገቡን አስፍታ እንደቆረጠችው ታስታውሳለች።

«እሱን እንኳ አብራችሁ ነው የለበሳችሁት» አለቻት። «አንቺ ሆዷ ውስጥ ነበርሽ።»

ልጅቷ ቢጫውን ቁራጭ ወደ ጉንጯ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።