እናት ያላቸው ወላጅ አልባዎች

ረጅሙ ጦርነት ባበቃ በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ገና ውኃ እንዳዘለ፣ ከከተማው ዳር ባለው ጉብታ ላይ የቆመው አሮጌ የጦር ሰፈር ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ፣ የፈረስ ጋጣው ወለል ሳንቃ ተነጥፎበት፣ የልጆች ማሳደጊያ ሆኖ ነበር። ሰፈሩን የሠሩት ሰዎች ጠላት እንዳይገባበት አስበው ስለነበር መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ ነበር፤ በሩም አንድ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን በዚያ በር ላይ የምትከለከለው ጠላት እናት ሆነች።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ከልጆቹ አብዛኞቹ አባታቸውን ጦርነቱ የበላባቸው እንጂ እናት የሌላቸው አልነበሩም፤ እናቶቻቸው በሰው ማጀት የሚያድሩ፣ ድንጋይ የሚሸከሙ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲሆኑ፣ «እግሬን እስክተክል» ብለው ነበር ልጆቻቸውን ያስጠጉት፤ እሑድ እሑድም ከሰዓት በኋላ እየመጡ ያዩዋቸው ነበር። በኋላ ግን ከጦር ሜዳ የተመለሰ አንድ ሻለቃ የቤቱ አስተዳዳሪ ሆኖ ተሾመ። ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሾርባው እንዳይቀጥን ራሱ ይቀምሳል፤ የታመመ ልጅ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ነገር ግን እናቱን ያየ ልጅ ሰኞ ሲያለቅስ ይውላል፣ የሚያለቅስ ልጅም ሥርዓት አይማርም ብሎ እሑድን ሰረዘው።

በሩ ላይ ከተመለሱት እናቶች አንዷ ባሏ ከመድፈኞች ጋር ዘምቶ የቀረባት አጣቢ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነው ይሏታል የሚያውቋት። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ከትንሽነቷና አንድ ቦታ ካለመርጋቷ የተነሣ ድንቢጥ የሚሏት። ዘበኛው «ተመለሽ እናቴ፣ እኔ ታዛዥ ነኝ» እያለ ደጋግሞ ሲመልሳት ከረመና፣ አንድ ቀን ቤቱ አንሶላ የምታጥብ ሴት እንደሚፈልግ ሰማች። በማግስቱ ነጠላዋን አጥባ፣ ዘበኛውን «ለሥራ ነው» ብላ አልፋ ሻለቃው ፊት ቀረበች።

«ባል አለሽ?» አላት።

«ጦርነቱ ወሰደው፣ ጌታዬ።»

«ልጅስ?»

አጣቢዋ ዐይኗን አልሰበረችም። «ማን ይሰጠኛል!» አለች።

ሻለቃውም የለኝም ያለች መሰለውና ቀጠራት።

ማጠቢያው ቀድሞ ጥይት ይከማችበት የነበረ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ነበር፤ በርሜሉ ከታች እሳት እየነደደበት ይንተከተካል፤ እንፋሎቱና ሳሙናው ዐይን ይቆጠቁጣል። ልጃገረዶቹ በየተራ እየመጡ የደረቀውን ልብስ ያጥፉ ነበርና አንድ ቀን ተራው ለድንቢጥ ደረሰ። ልጅቷ እናቷን ባየች ጊዜ ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ እናትየው በዐይኗ ገሠጸቻት፤ ድንቢጥም ሞኝ አልነበረችምና አፏን ገጥማ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘች። አንሶላ የሚያጥፉ ሁለት ሰዎች ይራራቃሉ፣ ይወጥራሉ፣ ከዚያም ጫፍ ከጫፍ ሊያገናኙ ይቀራረባሉ፤ በተቀራረቡ ቁጥር የእናትና የልጅ ጣት ይነካካ ነበር።

«በልተሻል?» አለች እናት።

«በልቻለሁ።» ተራራቁ፤ ተቀራረቡ። «ለምን አትወስጂኝም?»

«ቤት የለኝማ፣ የኔ ዓለም።»

«እንግዲያው አንቺ እዚህ ሁኚ።»

«ይኸው አለሁ አይደል!»

የታጠፈው አንሶላ ተመልሶ ተዘረጋ፤ እንደገናም ታጠፈ፤ ሌሎቹ አጣቢዎች «ዛሬ ይሄ አንሶላ ምን አጠፋ?» ብለው እስኪስቁ ድረስ።

በዚያው ዓመት መንግሥት በሩቁ ቆላ አዲስ ለተከፈተው የጥጥ እርሻ የሰው እጅ ፈለገ፤ ወላጅ የሌላቸው የጦርነት ልጆችም በባቡር ወደዚያ ሄደው በገበሬዎች ቤት እንዲያድጉ አዋጅ ወጣ። አዋጁ ወላጅ የሌላቸው ይላል፤ ሻለቃው ግን በእርሱ ቤት ወላጅ የሚባል ነገር ከተረሳ ሰንብቶ ነበርና፣ ለሥራ የደረሱትን ሁሉ አንድ ላይ መደባቸው።

አጣቢዋ ጉዳዩን ያወቀችው የመንገድ ልብስ እጠቢ በተባለች ጊዜ ነው። ከክምሩ ውስጥ ብብቱን በገዛ እጇ የጣፈችውን የድንቢጥን ቀሚስ አገኘች። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወደ ሻለቃው ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ባቡር ላይ አትወጣም።»

«የምን ልጅ? ልጅ የለኝም ብለሽ አይደለም የተቀጠርሽው?»

«ማን ይሰጠኛል ነው ያልኩት። ይኸው፣ አልሰጡኝም።»

ሻለቃው ሳቅ ቃጣው፤ ወዲያው ግን ፊቱን ሰበሰበ። «ስሚኝ፣ አንቺ ሴት። እዚያ መሬት አለ፣ ወተት አለ። አንቺ ምን አለሽ? የሰው ማጀት! ልጅሽን ከወደድሻት ትሂድልሽ።»

ይህ ቃል እንደ ፈላ ውኃ ለበለባት፤ ብቻዋን በሆነች ጊዜ ራሷም ለራሷ ስትለው የኖረችው ነገር ነበርና። ቢሆንም አልተንበረከከችም።

«አባቷንም መሬት ታገኛለህ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት» አለችው። «አገኘ። ከላዩ ተጭኖታል።»

ሻለቃው ዘበኛውን ጠርቶ አስወጣት።

ከዚያ ወዲያ የአጣቢዋ እግር አላረፈም። በሩ ላይ አብረዋት ይመለሱ የነበሩትን ሴቶች ከወንዝ ዳር፣ ከገበያ፣ ከየእመቤቶቻቸው ማጀት ፈልጋ አገኘቻቸው። አንዳንዶቹ ፈሩ። ወንድ ልጇ እዚያው ቤት ያለ አንዲት ድንጋይ ተሸካሚ፣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?» አለቻት።

«ማንን ከሰስኩ?» አለች አጣቢዋ። «ልጄን ልጠራት ነው። ልጅ መጥራት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

የመሸኛው ዕለት ጠዋት፣ የአገረ ገዥው ባለቤት እሜቴ ከመኳንንቱ ጋር በሠረገላ መጥተው በግቢው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ፤ የሙዚቃ ጓዱ ነሐሱን ወልውሎ ቆመ፤ ልጆቹም አዲስ ጫማ ተጫምተው በሰልፍ ወጡ። ዘበኛው ወደ በሩ የሚመጡትን ሴቶች ባየ ጊዜ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«እኔ የተቀጠርኩት ሌባ ልከለክል ነው» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ፤ «የራሱን የሚወስድ ሌባ አይባልም።» በሩንም ገርበብ አደረገላቸው።

እሜቴ ቀና ብለው፣ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉ።

«ለማኞች ናቸው፣ እሜቴ፤ አሁን ይወጣሉ» አለ ሻለቃው።

«ለማኝስ እጁን ይዘረጋል» አለች አጣቢዋ፣ እጆቿን ወደኋላ አጣምራ። ከዚያም ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ፣ «ድንቢጥ!» ብላ ተጣራች።

«አቤት፣ እማዬ!»

ልጅቷ ከሰልፉ እንደ ጥይት ወጣች። ያን ጊዜ ሌሎቹም እናቶች በየቁልምጫው ይጣሩ ጀመር፤ ግቢው አቤት አቤት በሚል የልጆች ድምፅ ተሞላ፤ ሰልፉም እንደ ተበጠሰ መቁጠሪያ ተበተነ። ማንም ያልጠራቸው ልጆች ግን በያሉበት ቆመው ቀሩ፤ አንዳንዶቹም አንገታቸውን አስግገው ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር፤ አጣቢዋ ይህንን እስክትሞት አልረሳችውም።

ሻለቃው የእናቶቹ ቁስል የት እንዳለ ያውቃል። «መልካም!» አለ። «ውሰዷቸዋ! አሁኑኑ ውሰዷቸው። ዛሬ የት ታሳድሯቸዋላችሁ?»

ድንጋይ ተሸካሚዋ የልጇን ትከሻ እንደያዘች መሬት መሬት አየች።

አጣቢዋ ድንቢጥን ጎትታ ጭቃው ላይ ዘፍ አለች። «እዚሁ» አለች።

«እዚህ?»

«እዚሁ! አባቶቻቸው ሲሞቱ ልጆቻችሁን መንግሥት ያሳድጋል ያላችሁን እናንተ ናችሁ። እንግዲያው ያሳድግ፤ እኛም እንያቸው። ልጅ ሾርባ እንዲጠጣ እናቱ ሞታለች መባል አለበት?»

ድንጋይ ተሸካሚዋ ከአጠገቧ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የሙዚቃው መሪ የመምሪያ በትሩን አንሥቶ፣ መልሶ አወረደ። የአጃቢዎቹ አዛዥ ወደ ድንኳኑ ቀርቦ፣ «እናንሣቸው፣ እሜቴ?» ሲል ጠየቀ።

እሜቴ መኳንንቱን አዩ፤ መኳንንቱም እርሳቸውን ያዩ ነበር። ያዘኑ ይሁን ያፈሩ ዛሬ የሚያውቅ የለም። «የዘማች ሚስት በፊቴ ጭቃ ላይ ስትጎተት ማየት አልሻም» አሉ በዝግታ። «እናት ያለው ልጅ ይቅር፤ እሑድም ይመለስ። ይህች ሴት ግን ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሥራ የላትም።»

«ሥራውን ለቅቄያለሁ፣ እሜቴ» አለች አጣቢዋ፣ ከጭቃው ሳትነሣ። «እሑድ እመጣለሁ።»

መጣችም። አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ድንቢጥን እስክትወስድ ድረስ እሑድ አልቀረባትም፤ ዘበኛውም በመጣች ቁጥር ከመቀመጫው ይነሣላት ነበር ይባላል። ባቡሩ ግን በዚያው ዕለት ያልተጠሩትን ልጆች ጭኖ ሄደ።

ከብዙ ዘመን በኋላ ማሳደጊያው የተመሠረተበት በዓል ሲከበር፣ ሻለቃው «የወላጅ አልባዎች አባት» ተብሎ በእብነ በረድ ተቀረጸ፤ በበዓሉ መጽሔትም የእሑዱ ጉብኝት በሻለቃው በጎ ፈቃድ እንደተጀመረ ተጻፈ። ድንቢጥ ያን ጊዜ ጠጉሯ የነጣ ባልቴት ነበረች። የመድረኩ መሪ «በዚህ ቤት ካደጉት ወላጅ አልባዎች አንዷ» ብሎ ሲጠራት፣ ምርኩዟን ይዛ ተነሣች፤ ጉባኤውንም ተመለከተች።

«እኔ ወላጅ አልባ ሆኜ አላውቅም» አለች። «እናቴ እዚህ ግቢ አንሶላ ታጥብ ነበር።» ይህን ብላ ተቀመጠች።

ቃሏ በማግስቱ በወጣው ዘገባ ውስጥ አልገባም። ታሪክ የሻለቃውን ማዕረግ ከነዓመተ ምሕረቱ አስቀምጧል፤ የአጣቢዋን ስም የጻፈ ግን የለም፤ ያልተጠሩት ልጆች ቆላ ወርደው ምን እንደሆኑም የጠየቀ የለም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ዛሬም ይከፈታል፤ ማን እንዳስከፈተው የማያውቁ እናቶችም ይገባሉ።