በዶክተሯ ጎማ ላይ የታሰረው ሰንሰለት

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ኢስክራ ባልካንስካ የባቄላ ሾርባዋን ገና አላጋመሰችም ነበር።

«የቸርና ስካላ መንደር ሐኪም ከነመኪናዋ ገደል ገብታ ሞታለች» አለ አለቃዋ። «አደጋ ነው። ግን አንቺ አንድ ጊዜ ብታዪው ደስ ይለኛል።»

«አደጋ ከሆነ የእኔ ዓይን ምን ያደርግለታል?» አለች ኢስክራ፤ ካፖርቷን ግን እያጠለቀች ነበር።

ዶክተር ራሊትሳ ቶንቼቫ የአርባ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ አንዲት አሮጊት አክማ ስትመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ከመንገድ ወጥቶ ገደሉ ውስጥ ጥድ ላይ ተላትሟል። ቀበቶዋን እንደታጠቀች፣ ነጭ የሱፍ ጓንቷን እንዳጠለቀች ነበር። ኢስክራ ጓንቱን አገላብጣ አየችው። አንዲት ነጠብጣብ እንኳ አልነበረበትም።

መኪናው ከፍ ያለ፣ ጥቁር፣ ጎማው የጋሪ ጎማ የሚያህል ነው። በፊት ጎማዎቹ ላይ የብረት ሰንሰለት ታስሯል። ኢስክራ በረዶው ላይ ተንበርክካ እጇን ከጎማው በስተጀርባ ሰደደች። በጎማውና ከኋላው ባለው የብረት ሞላ መካከል ትንሿ ጣቷ እንኳ አልገባችም። እዚያው አጠገብ ያለው የፍሬን ቱቦ ተበልቶ ተበጥሷል። የቀኙም እንደዚያው። እጇን ስታወጣ በሰንሰለቱ ጥቁር የፋብሪካ ቅባት ተለቅልቋል።

አስከሬኑን ያገኘው የበረዶ ጠራጊው ሾፌር ሚንቾ ነው፤ ሠላሳ የሞላው፣ ዓይኑን በአንድ ቦታ ማሳረፍ የማይችል ሰው።

«ባሏን ጠይቁት» አለ ሳይጠየቅ። «ትናንት ሲጯጯሁ ድፍን መንደር ሰምቷል።»

«አንተ ምን ሰማህ?»

«ከዚህ ሰፈር እንውጣ ይላታል፣ አልወጣም ትለዋለች። እኔ የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ አልገባም።»

«ገብተህማ ጨርሰሃል» አለችው።

ከዚያ በእግሯ ወደ መንደሩ ወረደች። መንደሩ በረዶ አልነካውም፤ በረዶው የሚጀምረው ከምንጩ በላይ ነው። በደረቁ አስፋልት ላይ ግን ሰንሰለቱ የጫረው ነጭ መስመር ይታያል። መስመሩን ተከትላ ስትወርድ፣ የዶክተሯ ቤት ከማዶው ወዳለበት ድልድይ ሳይደርስ በስተግራ ታጥፎ የጎሚስታው የጋቭሪል በር ላይ አለቀ። ድልድዩ ላይ ምንም ጭረት የለም።

መጀመሪያ ባልየውን ኦግንያንን አነጋገረችው። ፊቱ አብጦ፣ ያልነካው የራኪያ አረቄ ከፊቱ ተቀምጦ ነበር።

«መኪናውን የመረጡላት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ። «ጎማውንም እኔ ነኝ። በመከር አነስ ያለ ቸርኬ ላስገባ፣ ለበረዶ የሚሻለው እሱ ነው ስትለኝ፣ ‹የሬሳ መኪና ያስመስለዋል› አልኳት።» ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ እሾህ ቀረ። «እንዲህ ነው ያልኳት።»

«ሰንሰለት ማሰር ታውቅ ነበር?»

«እሷ? ለዚህ ሁሉ ጋቭሪል አለላት። ዝላትካ፣ ሚስቱ፣ ባለፈው ፌብሯሪ በምጥ ከሞተች ወዲህ ሰው አይቀርብም፤ ለራሊትሳ ሥራ ግን እምቢ ብሎ አያውቅም።»

ጋቭሪል ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ኢስክራን በርጩማ ላይ አስቀምጦ እሱ ቆመ።

«ጠዋት መጥታ ሰንሰለት ወሰደች። እዚሁ ደጄ ላይ ራሷ አሰረችው፣ ሄደች። ሌላ የማውቀው የለም፣ እመቤቴ።»

«ለእንዲህ ያለ ትልቅ ጎማ ምን ይመረጣል?»

ሙያው ሲጠየቅ ሳያስበው ቀና አለ። «ባለ ሚስማር ጎማ አስፋልት ይፈጃል፣ ይከለክሉሻል። አንዱ መንገድ ቸርኬውን ማሳነስ ነው። ሌላው ከጎማው ውጭ በኩል ብቻ የሚታሰር ሰንሰለት አለ፣ እዚህ ግን አይገኝም። ካልሆነ የጨርቅ ካልሲ ነው፤ ጎማውን ያለብሱታል፣ ምንም አይነካም...» አለና አፉን ዘጋ።

ኢስክራ ከራሱ በላይ ወዳለው መደርደሪያ ተመለከተች። ያልተከፈተ ጥቅል ነበረበት። አመሰገነችውና ወጣች።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ሦስቱንም በጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ አጠገብ ቆሙ። የዶክተሯ ነጭ ጋዋን እንደተሰቀለ ነው።

«ፍሬኑን የበጣጠሰው ሰንሰለቱ ነው» ብላ ጀመረች። «ዳገቱን ስትወጣ ሰንሰለቱ በዞረ ቁጥር ቱቦውን ሲልጠው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትረግጥ ባዶ ሆነባት። እንግዲህ ማን አሰረው?»

«ባልየው ነዋ!» አለ ሚንቾ።

«እሱ ቤት አስሮት ቢሆን ድልድዩ ላይ ጭረት ይኖር ነበር። የለም። ጭረቱ የሚጀምረው ከአንተ በር ነው፣ ጋቭሪል።»

«ራሷ አሰረችው ብያለሁ።»

«ሰንሰለቱ ቅባቱ ያልደረቀ አዲስ ነው። እኔ አንዴ ብነካው እጄ ጠቆረ። የእሷ ጓንት የተነጠፈ በረዶ መስሎ ነው የተገኘው።»

«ጓንቷን አውልቃ ይሆናላ።»

«አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም እጇንም አይቷል። ንጹሕ ነው።»

ኢስክራ ከቦርሳዋ አንድ ካርድ አወጣች።

«ይህ መኪናዋ ውስጥ ነበር፤ ጽሕፈቱ የአንተ ነው። ‹ጎማው ሃያ አንድ ኢንች ነው። የብረት ሰንሰለት በፍጹም፤ ቱቦ ይቆርጣል። አነስ ያለ ቸርኬ ወይም የጨርቅ ካልሲ።› ኦክቶበር ሃያ። ስለዚህ ባለማወቅ አላደረግኸውም። ካልሲውንም አዝዘህላታል፤ ዓርብ ዕለት መድረሱን ፖስተኛው ነግሮኛል። ስሟ የተጻፈበት ጥቅል ዛሬም መደርደሪያህ ላይ ነው።»

ኦግንያን ከመቀመጫው ተነሣ። አንደኛው ፖሊስ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች ኢስክራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በኦክቶበር እንዳትሞት ስትጨነቅላት የነበርክ ሰው፣ በዲሴምበር ምን ሆነህ ነው የገደልካት?»

ጋቭሪል እጆቹን ጭኑ ላይ ዘረጋ።

«‹ካልሲው አልመጣም፣ ይህ ሰንሰለት ለትልቅ ጎማ ተብሎ የቀጠነ ነው› አልኳት። አመነችኝ። ‹እግዚአብሔር ይስጥህ› ብላኝ ሄደች።» ድምፁ ከፍ አለ። «ሚስቴ ከቀትር እስከ ምሽት ደም ሲፈስሳት፣ ለእሷ ለሐኪሟ ተደውሎላት ‹መኪናዬ በረዶ አይችልም› ያለች ሴት ናት! በረዶ የሚችል ነገር አሰርኩላት።»

«ማን ነገረህ እንዲህ ማለቷን?»

«ወንድሜ ሚንቾ ነዋ። የደወለላት እሱ ነው። እኔ ዝላትካን ይዤ ከቤት አልወጣሁም።»

«መቼ ነገረህ?»

«በኖቬምበር። ‹ያን ቀን መንገዱን ለምን አልጠረግህም?› ብዬ ስይዘው... ደብቄህ ነበር ብሎ ነገረኝ።»

ኢስክራ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ገልጣ ጭኗ ላይ ዘረጋች።

«ፌብሯሪ አሥራ አራት» ብላ አነበበች። «‹መኪና አይሄድም። ከቀትር በኋላ በእግሬ ሄጄ አሮጊቷን ባባ ዶንካን አክሜ እስኪመሽ አጠገቧ ቆየሁ።› ባባ ዶንካ የት ነው ቤቷ?»

«ከእኔ ሁለት ቤት አልፎ» አለ ጋቭሪል በሹክሹክታ።

«ሚስትህ የሞተችበት ቀን ስለሆነ ወደ ዶክተሯ የተደወሉትን ከስልክ መሥሪያ ቤቱም ጠይቄአለሁ። በዚያ ቀን ከሚንቾ ስልክ ወደ ዶክተሯም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያው የተደወለ የለም።»

ጋቭሪል ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ሚንቾ። ደውለህ ነበር?»

«ወንድም ጋሼ...»

«ደውለህ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«ጠጥቼ ነበር» አለ ሚንቾ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። «መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሁሉም አልቋል። በኋላ አፋጥጠህ ስትይዘኝ... ምን ልበልህ? ትጠላታለህ እንጂ ትገድላታለህ ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ጋቭሪል ይማታል ብለው ፖሊሶቹ ቀረብ አሉ፤ እሱ ግን ወደ ኦግንያን ዞሮ አንድ ነገር ለማለት አፉን ከፈተ። ኦግንያን ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ከዚያ በኋላ ጋቭሪል ሁለት እጆቹን አጣምሮ ለካቴና ዘረጋ።

ለጋቭሪል አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ሚንቾን ሊያስከስስ የሚችል አንቀጽ ኢስክራ አገላብጣ ፈልጋ አጣች። ወንድሙን የዋሸ ሰው በሕግ ፊት ምንም አላጠፋም። ኦግንያን ቤቱን ዘግቶ ወደ ከተማ ወረደ። ለቸርና ስካላ ሌላ ሐኪም ይላካል ተባለ፤ አልተላከም።

በማርች መጨረሻ ከላይኛው መንደር አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት ወደ ከተማ መውረድ ነበረባት። በረዶው የቤቶቹ መስኮት ደርሷል፣ መንገዱን የሚከፍት ሌላ ሰው የለም። ሚንቾ ከፊት እየጠረገ፣ ባሏ ከኋላ እየነዳ አደረሷት። ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ባልየው ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ ዘበኛውን ሳይቀር በየተራ እየጨበጠ አመሰገነ። ሚንቾ ኮፍያውን በእጁ ይዞ የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ባልየው ሳያየው አለፈ።